የእናት ፊርማ ስንት ይመዝናል?

ውድ እኅቶች፤ እስቲ አንድ ምሽት አብረን እናስብ። ራት ተበልቷል፤ ልጆች ተኝተዋል፤ እናት የነገውን ሊጥ አቡክታ ዕቃ ልታጥብ እጅጌዋን ሰብስባለች። በዚህ ሰዓት ባል ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ይዘረጋል።

«እዚህች ላይ ፈርሚልኝ» ይላታል።

«የምን ወረቀት ነው?»

«ምንም አይደል። ቤቱን ለአንድ ወዳጄ ብድር መያዣ ልሰጥለት ነው። ባንኩ የሚስትህ ስምምነት ያስፈልጋል ስላለኝ ነው እንጂ አንቺን ባላስቸገርኩሽ።»

እናት እጇን በሽርጧ ታብሳለች። ብዕሩን ትቀበላለች። ባላነበበችው ወረቀት ላይ ስሟን አስፍራ ወደ ዕቃዋ ትመለሳለች። ነገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እንዲህ ያለውን ነገር ያላየች ወይም ከጎረቤት ያልሰማች ከመካከላችን ብትኖር ጥቂት ናት። ባልየው ክፉ ሰው ነው ማለታችንም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ለወዳጁ ያዘነ፣ ሚስቱም እንደምትስማማ የማይጠራጠር ሰው ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የፈለግነው ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለ ፊርማዋ ነው። ይህች እናት «ላንብበው» ብትል፣ አንብባም «አይሆንም» ብትል መብቷ ነው ወይ? መብቷ ከሆነስ ከየት አገኘችው? ለመሆኑ የአንዲት እናት ፊርማ ስንት ይመዝናል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የእናቶቻችን ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ዞር ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

«ታዘዢ» ይል የነበረው ሕግ

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአገራችን ትልቅ ሥራ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ስለ ውልና ስለ ውርስ የሚናገሩት ክፍሎቹ ዛሬም ዳኞች የሚገልጧቸው ናቸው። ስለ ባልና ሚስት በሚናገረው ክፍል ግን ለሴቶች መራራ የሆነ ነገር ሰፍሮ ነበር።

ቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሚስትም ሕግን የማይጥስ እስከሆነ ድረስ ባሏ በሚያዛት ነገር ሁሉ መታዘዝ እንዳለባት ይደነግጋል። ባልና ሚስት በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ከተማ እንደሚኖሩ የሚወስነው ባል ነበር። ሚስት በግሏ ከምታገኘው ደመወዝና ገቢ በስተቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው እርሱ ነበር። የሚስቱን ግንኙነትና አካሄድ የመከታተልና የመምራት ሥልጣንም ተሰጥቶት ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የቤት እናቶችን የሚነካው ግን ቁጥር 646 ነው። ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅሙ ካልፈቀደለት የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት በግልጽ ይናገር ነበር። እንግዲህ ድስትና መጥረጊያ በልማድ ብቻ ሳይሆን በሕግም የሴት ሆነው ተጽፈው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል መረዳት ይገባል። ያ አሮጌ ሕግ ቤትን ለመሸጥ፣ ከፍ ያለ ብድር ለመበደር፣ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቅ ነበር። የሚስትን ፊርማ አልናቀም። ነገር ግን በአንድ በኩል «ፈርሚ» እያለ፣ በሌላ በኩል «ባልሽን ታዘዢ» ይላት ነበር። እንድትታዘዝ የተደነገገባት ሰው የምታኖረው ፊርማ ስምምነት ነው ሊባል ይችላል ወይ? ያቺ እናት ብዕሩን ስትቀበል የሚሰማት የባለቤትነት ስሜት ሳይሆን የታዛዥነት ስሜት ነበር። ፊርማዋ ቀለም እንጂ ክብደት አልነበረውም።

ሕጉ ደግሞ ብቻውን አልቆመም። ከጎኑ ተረትና ምሳሌው ቆሞለት ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል»፣ «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» እየተባለ ልጃገረዷ ገና እሳት ስታነድ ጀምሮ ይነገራት ነበር። ሕግና ልማድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲቆሙ አንዲት ሴት ብቻዋን ምን ልታደርግ ትችላለች?

ብቻዋን ምንም። የዛሬው ጽሑፋችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ድር ቢያብር

ሴቶች በአንድነት ተነሥተው መብታቸውን ሲጠይቁ የሴቶች ንቅናቄ ይባላል። ይህ ንቅናቄ በአንድ አገርና በአንድ ቀን የተጀመረ አይደለም። በ1910 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ከተማ በተደረገ የሶሻሊስት ሴቶች ጉባኤ ላይ ጀርመናዊቷ ክላራ ዜትኪን የሴቶች ቀን በየዓመቱ በዓለም እንዲከበር ሐሳብ አቀረበች። ዛሬ በየዓመቱ የካቲት 29 የምናከብረው ማርች 8 ሥሩ እዚያ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ዓመቱን የሴቶች ዓመት ብሎ ሰይሞ በሜክሲኮ ከተማ የመጀመሪያውን የዓለም የሴቶች ጉባኤ አደረገ። ከአራት ዓመት በኋላም በሴቶች ላይ የሚደረገውን ልዩነት ሁሉ ለማስወገድ የሚደነግገው ስምምነት ጸደቀ። አገራችንም በ1973 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይህን ስምምነት ተቀብላለች።

በአገራችንም ቢሆን ሴቶች ተኝተው አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ሴቶችን ለአገራቸው ሥራ አሰባስቧል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ በር ከፈተ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። በወንዶች በተሞላ አዳራሽ ውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ሊያርስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ ወንድ ሴት ሳይለይ እንዲሰጥ ደነገገ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ልጅ ያዘሉ እናቶች ከልጆቻቸው ዕኩዮች ጋር ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ። ይህን የምታስታውሱ አያቶች ዛሬም አላችሁ። እስከዚያ ቀን በቀለም አውራ ጣታቸውን ያትሙ የነበሩ ሴቶች ስማቸውን ሲጽፉ ምን እንደተሰማቸው ጠይቋቸው። ፊርማ የሚጀመረው ከዚያ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ እስከ ቀበሌ ድረስ ተዘረጋ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነካ ቀረ። በአደባባይ ስለ ሴቶች እኩልነት መፈክር እየተሰማ፣ ቁጥር 635 በመጽሐፉ ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ሴቲቱ በሰልፍ ላይ ውላ ማታ ቤቷ ስትገባ የምትገባው በ1952ቱ ሕግ ወደሚተዳደር ቤት ነበር። ከላይ የተዋቀረ ማኅበር ብዙ ሥራ ሊያሠራ ይችላል፤ የቤቱን ሕግ ለመለወጥ ግን ከቤቱ የሚነሣ ጩኸት ያስፈልግ ነበር።

ጩኸቱ የተሰማበት ጊዜ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና በአንቀጽ 35 ሴቶች በጋብቻ ውስጥም ሆነ ከጋብቻ ውጭ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው አወጀ። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ቃል ተገኘ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ «እኩል ናችሁ» ሲል፣ የቤተሰቡ ሕግ ገና «ታዘዢ» ይላል።

ይህን ተቃርኖ ይዘው አደባባይ ከወጡት መካከል በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይገኛል። ከመሥራቾቹ አንዷና ሥራ አስኪያጁ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ፣ ፍርድ ቤትም ይቆምላቸው ነበር። ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። በየቀኑ ከሚመጡት ሴቶች አቤቱታ የተነሣ ችግሩ የአንዲት ሴት ዕድል ሳይሆን የሕጉ ጉድለት መሆኑን አስረዳ። የተደበደበችው፣ ንብረቷን የተነጠቀችው፣ ሥራ እንዳትሠራ የተከለከለችው ሴት ሁሉ ያንኑ ታሪክ ይዛ ስትመጣ፣ ታሪኩ የግል ምሥጢር መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ።

ውይይቱ ጦፈ። «ሁለት አለቃ ያለው ቤት ይፈርሳል» ያሉ ነበሩ። «ሴት ሥልጣን ካገኘች ትዳር አይጸናም» ያሉም አልጠፉም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ፤ እስከዚያ ድረስ ትዳርን አጽንቶ ያቆመው የባል የበላይነት ነው ወይስ የእናት ትዕግሥት?

በመጨረሻም በሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጸና። ቁጥር 635ም ቦታውን ለቀቀ።

ምን ተለወጠ?

የአዲሱ ሕግ ዋና ዋና ነጥቦች እያንዳንዷ እናት ልታውቃቸው የሚገቡ ስለሆኑ በአጭሩ እንዘርዝራቸው።

ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት ረገድ እኩል መብት አላቸው፤ መከባበርና መደጋገፍም የሁለቱ ግዴታ ነው። የሚኖሩበትን ቤት በስምምነት ይመርጣሉ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ። ቀደም ሲል አንደኛው የትዳር ጓደኛ «ለቤተሰቡ አይበጅም» ብሎ የሌላውን ሥራ የሚቃወምበት መንገድ ነበር፤ በተግባር ይህ የባል መሣሪያ ሆኖ ብዙ ሴቶችን ከሥራ አስቀርቷል። ያም በር ተዘጋ።

በትዳር ዘመን ባልና ሚስት በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድሩትም በጋራ ነው። ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። እኅቶች፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። ካርታው ላይ ያለው ስም የእርሱ ብቻ ቢሆን፣ መኪናው በእርሱ ስም ቢሆን፣ በትዳራችሁ ጊዜ የተፈራ ከሆነ የእናንተም ነው። ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤትም እንዲሁ ናት። እሷ ልጅ ስታሳድግና ቤት ስታቀና እርሱ ሠርቶ ያመጣው የሁለቱ ድካም ፍሬ ነው።

የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥ፣ ሲያዝ ወይም ሲለወጥ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነቷ የተደረገ ከሆነ ሚስት ፍርድ ቤት ቀርባ እንዲሰረዝ ልትጠይቅ ትችላለች። ይህ አቤቱታ ግን የጊዜ ገደብ ስላለው፣ «ነገ ዛሬ» እያሉ ማሳደር መብትን ያሳጣል።

ፍቺን በሚመለከትም ቀድሞ የዘመድ ዳኞች ይወስኑ የነበረው ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። ሽማግሌ ለማስታረቅ ዛሬም ክቡር ነው፤ ትዳር ፈርሷል ብሎ የሚወስነው ግን ዳኛ ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሆነው አብረው የኖሩ ሰዎችም፣ አብሮ መኖራቸው ከሦስት ዓመት ካላነሰ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

ይህ ሕግ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በመሆኑም ከክልል የምትጽፉልን እኅቶች የምትኖሩበትን ክልል ሕግ መጠየቅ ይኖርባችኋል። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲቀርቡ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችልም ሕገ መንግሥቱ ፈቅዷል። እዚህ ላይ «ፈቅደው» የሚለው ቃል ትልቅ ክብደት አለው፤ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም።

ከቤት ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ሥራ ቦታ

ለውጡ በቤተሰብ ሕግ ብቻ አልቆመም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጃገረድን የጠለፈ ሰው በኋላ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ትቶለት ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ በአርሲ የተጠለፈች አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ቆመላትና ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው በ2006 ዓ.ም. የታየው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻውም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። የሴት ልጅ ግርዛትና ያለ ዕድሜ ጋብቻም በወንጀል ተጻፉ። የአንዲት ልጅ እንባ ለብዙዎች መጠለያ ሆነ።

በሥራ ቦታም እንዲሁ ነው። በፋብሪካና በግል ድርጅት የምትሠሩ እናቶች እንደምታውቁት፣ የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 60 ቀን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን አሳድጎ በድምሩ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አደረገው። አባትም 3 ቀን አገኘ። ሦስት ቀን! ገንፎው ሳይበርድ ያልቃል። ቢሆንም ልጅ የእናት ብቻ እንዳልሆነ በሕግ መጻፉ አንድ እርምጃ ነው።

የቤተሰብ ሕጉ መለወጥ ለሥራ ምን አመጣ? በ1992 እና በ1997 ዓ.ም. የተሰበሰቡ መረጃዎችን አስተያይተው የተመለከቱ የዓለም ባንክ አጥኚዎች፣ ሕጉ ቀድሞ በተሻሻለባቸው አካባቢዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያላቸውና ከፍ ያለ ሙያ የያዙ ሴቶች ቁጥር ከሌሎቹ አካባቢዎች ይበልጥ መጨመሩን አግኝተዋል። ከመጽሐፍ ላይ የተሰረዘ አንድ መስመር ከቤት የሚያስወጣ በር ሆነ።

የጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወር ደግሞ የሚረሳ አይደለም። በዚያ ወር ከ20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሆኑ። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. አገለገሉ። ለተበደሉ ሴቶች ይሟገት የነበረውን ማኅበር የመሠረቱት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. በዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ወንድ በችሎት» ያለው ተረት የት ገባ?

ያልተሰረዘው መስመር

ውድ እኅቶች፤ እንዲህ ስንል ሁሉ ነገር ተሟልቷል ማለታችን እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። ቁጥር 635 ከመጽሐፍ ተሰርዟል፤ ከብዙ ቤት ግን አልተሰረዘም። የቁጥር 646 ነገር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሕጉ ከጠፋ ስንት ዓመት ሆነው፤ ድስቱና መጥረጊያው ግን ዛሬም በእናት እጅ ናቸው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቁርስና የልጆችን ምሳ ዕቃ የምታሰናዳ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆማ ሥራዋ የምትደርስ፣ ማታ ደግሞ ሌላ የሥራ ቀን የምትጀምር እናት ሁለት ሥራ ይዛ አንድ ደመወዝ ትቀበላለች። ወይም ያንን ሸክም ከገጠር ለመጣች ሌላ ሴት ልጅ ታሸጋግረዋለች። እዚህ ላይ ራሳችንንም እንጠይቅ። እኛ ስለ መብታችን ስንናገር በማጀታችን ያለችው የቤት ሠራተኛ የዕረፍት ቀን አላት ወይ? ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች ወይ? እኩልነትን ከራሷ ደጃፍ አልፋ የማታስገባ ሴት ነፃነትን ለራሷ ብቻ የፈለገች ትመስላለች።

ወንድ ልጆቻችንስ? ወንዱ ኳስ ሲጫወት እኅቱ ሰሃን እንድታጥብ የምናዝዘው እኛው እናቶች ነን። ያ ልጅ ነገ ባል ሲሆን የሚያደርገው ዛሬ ያስተማርነውን ነው። አባወራዎችም ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እንደሆነ አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ሚስታችሁ እኩል ብትሆን የምታጡት የአለቅነት ማዕረግ ነው። የምታገኙት ግን አብሯችሁ የሚያስብ፣ ወረቀቱን ከእናንተ ጋር የሚያነብ፣ ስትሳሳቱም የሚነግራችሁ ጓደኛ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ለእናንተው እንተዋለን።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

ምክር ያለ ተግባር ፍሬ የለውምና፣ ከዚህ በታች ያሉትን ዛሬውኑ እንድትጀምሩ እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የጋብቻ የምስክር ወረቀታችሁ የት እንዳለ እወቁ። በሃይማኖት ወይም በባህል ተጋብታችሁ ያላስመዘገባችሁ ከሆነ፣ በምትኖሩበት ወረዳ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሁለታችሁም ቀርባችሁ አስመዝግቡ። ጠብ በተነሣ ጊዜ ሳይሆን በደግ ቀን መመዝገብ ይቀላል።

ሁለተኛ፤ የቤቱን ካርታ፣ የባንክ ደብተሩን፣ የዕቁብና የዕድሩን ወረቀት አንድ ጊዜ አብራችሁ ተመልከቱ። ቅጂ አስነሥታችሁ አስቀምጡ። ይህ ባልን መጠርጠር አይደለም፤ የጋራ ቤትን በጋራ ማወቅ ነው። ሞትም እኮ ሳይቀጥር ይመጣል።

ሦስተኛ፤ ውክልና ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። ሙሉ ውክልና ማለት ፊርማችሁን አውጥቶ ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው። ለምን ጉዳይና እስከ መቼ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ማንበብ የማትችሉ ብትሆኑ የምታምኑት ሰው፣ ትምህርት ቤት ያለ ልጃችሁም ቢሆን፣ ያንብብላችሁ። «ነገ እፈርማለሁ» ማለት ነውር አይደለም። የሚቸኩል ወረቀት ብዙ ጊዜ ለፈራሚው አይበጅም።

አምስተኛ፤ ችግር ከደረሰባችሁ ብቻችሁን አትቀመጡ። በየወረዳው የሴቶች ጉዳይ ክፍል አለ፤ ፖሊስ ጣቢያም ፍርድ ቤትም ለእናንተም የተከፈቱ ናቸው። ቢያንስ ለአንዲት ጎረቤት ንገሩ። ከላይ እንዳየነው፣ ያ ትልቅ ሕግ የተለወጠው ሴቶች «የቤቴ ምሥጢር ነው» ማለትን ትተው አንዷ ለሌላዋ በተናገሩ ጊዜ ነው።

አሁን ወደዚያች ምሽት እንመለስ። ወረቀቱ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ተዘርግቷል። እናት እጇን በሽርጧ ታብሳ ብዕሩን ትቀበላለች። ነገር ግን ወዲያው አትፈርምም። ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ ወረቀቱንም ወደ መብራቱ ታቀርባለች።

«ቆይ፣ አብረን እናንብበው» ትላለች።

ምናልባት አንብባ ትስማማለች። ምናልባት «ወዳጅህን በሌላ እንርዳው፤ የልጆቹን ቤት ግን አናስይዝም» ትላለች። ምናልባትም ባልየው ይቆጣ ይሆናል፤ ማግሥቱ ግን ነገሩን ሲያስበው «ደግ ነገርሽኝ» ይላት ይሆናል። ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው። ያ ፊርማ ግን ከዚያች ምሽት ጀምሮ ክብደት አለው። በውስጡ ጣታቸውን ያትሙ የነበሩ አያቶች ሰሌዳ ፊት ያሳለፉት ማታ አለ፤ በፍርድ ቤት ደጃፍ የተንከራተቱ እናቶች አሉ፤ ለነፃነቷ የታገለችው የ14 ዓመት ልጅ አለች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩን የፈተሉልን አሉ። የእኛ ፋንታ መሸመኑ ነውና፣ እስቲ ከቤታችን እንጀምር።